ለሊፖቭ የተሳለ ጃንጥላ

ጣና ዳር ባለው የግሽ አባይ ሰፈር ምናሴን የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት የገባ ተከራይ መሆን አለበት። ሰፈሩ «በረዶው» እያለ ይጠራዋል። ስሙን ያወጣለት ፀጉር አስተካካዩ አካሉ ነው፤ ምናሴም ቅር ብሎት አያውቅም፤ እንዲያውም አንዳንዴ ስልክ ሲደውል «እኔ ነኝ፣ በረዶው» ይላል። ዕድሜው ስድሳ ሁለት ነው። ሠላሳ ስምንቱን ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ማሽን ሲፈታና ሲገጥም ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። ጆሮውን የማሽን ጩኸት ስለጎዳው ሲናገር ይጮኻል፤ በዚህ የተነሳ የቡድኑን ማሸነፍና መሸነፍ ከገዛ ሚስቱ ቀድሞ የአጥር ጎረቤት ይሰማል።

ቡድኑ እንደ ሌላው ሰው የእንግሊዝ ኳስ ቡድን ቢሆን ደግ ነበር። አይደለም። ሊፖቭ ይባላል። ሊፖቭ በቼኮች አገር ያለች ትንሽ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ ልጆቿ የሚጫወቱት ደግሞ የበረዶ ሆኪ ነው። እንግዲህ ጣና ዳር ተቀምጦ፣ የረጋ በረዶ የሚባል ነገር ከዓሣ ነጋዴ ማቀዝቀዣ ውጭ በማይታይበት ከተማ፣ የበረዶ ጨዋታ መደገፍ ምን ይባላል? አካሉ «ዋልያን ከሐይቅ ውስጥ መፈለግ» ይለዋል።

ነገሩ የተጀመረው በ1977 ዓ.ም. ነው። ምናሴ ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት፣ የመሸንቲ ገበሬ ልጅ፣ ፋብሪካ ከገባ ሁለት ዓመት ያልሞላው ረዳት መካኒክ ነበር። ፋብሪካው አዲስ ማሽን ሊያስገባ አስቦ አምስት ሠራተኞችን ለሥልጠና ወደ ሊፖቭ ሲልክ እሱ አንዱ ሆነ። የደረሱት በኅዳር ነው። ብርዱ አጥንት ይቆረጥማል፤ ቋንቋው አይገባም፤ ፀሐይዋም ሰው አይታ እንዳፈረች ሁሉ ብቅ ብላ ወዲያው ትገባለች። ምናሴ በሦስተኛው ሳምንት ተሸሽጎ ማልቀስ ጀመረ። ማሽን የሚያስተምረው ሽማግሌ መካኒክ ነገሩ ገብቶት ኖሮ፣ አንድ እሑድ ክንዱን ይዞ ከአንድ ትልቅ አዳራሽ አስገባው።

እዚያ ያየውን እስከ ዛሬ እየተደነቀ ነው የሚያወራው። ወለሉ መስታወት የመሰለ በረዶ ነው። ከጫማቸው ሥር ቢላዋ መሳይ ብረት ያሠሩ ሰዎች፣ ጫፉ የተቆለመመ ዱላ ይዘው፣ አንዲት ጥቁር ጠፍጣፋ ጎማ እያሳደዱ ይበራሉ። አንዱ መታ፣ አንዱ ቀማ፣ አንዱ ወደቀ። ምናሴ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ በአማርኛ «ገና ነው እኮ! ገና ነው!» ብሎ ጮኸ። በየዓመቱ በልደት ሰሞን መሸንቲ ሜዳ ላይ በቆልማማ ዱላ ሩር ሲያባርር ላደገ፣ ጠባሳውም ቅልጥሙ ላይ ላለ ልጅ ሌላ ምን ሊታየው ይችላል? አንድ የሊፖቭ ተጫዋች የባላጋራውን ጥርስ በክርኑ ሲያረግፈው ደግሞ ወደ ሽማግሌው ዞሮ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» አለው። ሽማግሌው አንድም ቃል ሳይገባው አቀፈው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምናሴ የሊፖቭ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ አገሩ ተመለሰ፤ ማሽኖቹንም ተከላቸው። ለብዙ ዓመታት ሊፖቭ ማለት በዓመት አንዴ ከሽማግሌው የሚመጣ ደብዳቤ ነበር። ቡድኑ በታሪኩ አንዲት ዋንጫ ሲበላ ምናሴ ወሬውን የሰማው ሰባት ወር ዘግይቶ ነው፤ ሰባት ወር ያለፈበትን ደስታ ግን እንደ ትኩስ ተደሰተበት፤ ለሥራ ባልደረቦቹም ጠላ ጋበዘ። ኋላ ሽማግሌው ሞተ፤ ደብዳቤውም ቀረ። ነገሩ ያለቀ ሲመስል አንዲት ልጁ ማህሌት አድጋ፣ ባንክ ተቀጥራ፣ በመጀመሪያ ደመወዟ ስልክ ገዝታ ሰጠችው። ስልኩን ከመስጠቷ በፊትም የሊፖቭን ከተማ ራዲዮ ፈልጋ አግኝታ ጭናበት ነበር። ምናሴ የጋዜጠኛውን ድምፅ ሲሰማ የተናገረውን ሩቡን እንኳ ያዘ አልያዘ እንጃ፤ እንባው ግን ወረደ።

ምናሴ አካሉ ፀጉር ቤት ወንበር ላይ ከተቀመጠ አስተያየቱን የሚያቆመው ምላጩ ጉሮሮው ዘንድ ሲደርስ ብቻ ነው። «የሚያሸንፈውን እየመረጡ መደገፍ» ይላል፣ «ሠርግ ሠርጉን እየበሉ ለቅሶ አለመድረስ ነው። እናንተ አንደኛ የሚወጣውን እያያችሁ መለያ ትቀያይራላችሁ። እኔ አርባ ዓመት ለቅሶ ደርሻለሁ።»

«እርስዎማ ለቅሶ ቤት እንደገቡ ቀሩ እኮ ጋሽ ምናሴ!» ይላል አካሉ፤ ቤቱ በሳቅ ይሞላል።

እሱ ምን ገዶት። አሠልጣኝ ማባረርን አይወድም፤ «ክሩ እየተበጠሰ ሸማኔውን ማባረር ነው» ይላል። ደህና ደህናውን ልጅ ትልልቆቹ ቡድኖች መጥተው ሲወስዱት ግን አይራገምም፤ ልጅ አድጎ ከቤት መውጣቱ ያለ ነው፣ የወጣበትን ደጅ ካልረሳ ይበቃል ባይ ነው። ድብድቡን ይንቃል። ከሁሉ አስበልጦ የሚወደው ቅጣቱን ነው። ያጠፋ ተጫዋች ሁለት ደቂቃ ለብቻው ከሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ጓደኞቹ ባንድ ሰው ጎድለው ይጫወታሉ፤ ሁለት ደቂቃው ሲያልቅ በሩ ይከፈትለትና ተመልሶ ይገባል። «ንስሐ ማለት ይህ አይደለም?» ብሎ አንድ ጊዜ የንስሐ አባቱን መምሬ መርስዔ ኀዘንን ጠይቋቸው ነበር። መምሬም «ለእኔ ሁለት ደቂቃ የሚበቃው ኃጢአተኛ እስካሁን አልገጠመኝም» አሉት።

ጨዋታ ባለበት እሑድ ምሽት ማህሌት ከምትኖርበት ከዘንዘልማ ባጃጅ ተሳፍራ ትመጣለች። ባሏ አገኘሁ ሹፌር ስለሆነ እሑድ እሑድ መንገድ ላይ ነው። አባትና ልጅ ከሳሎኑ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ይቀመጡና የጆሮ ማዳመጫውን አንድ አንድ ይካፈላሉ። ማህሌት ከቋንቋው አንድ ፊደል አታውቅም። አባቷ ግን ሲቆጣ ትቆጣለች፣ ሲስቅ ትስቃለች፤ ለአሥራ አራት ዓመት የሊፖቭን በር የጠበቀውን፣ ጉልበቱ የሚያመውን በረኛ ጤናም እንደ አጎቷ ከአባቷ ትጠይቃለች።

የምናሴ ሚስት የሺአረግ ይህን ሁሉ ስታይ ከንፈሯን ትመጥጣለች። የሺአረግ የመሪጌታ ልጅ ናት፤ ዳዊት ስትሰማ ያደገች ናት። ባሏ አሥራ ምናምን ፈረንጅ በዱላ ሲደባደብ ለማዳመጥ ማታውን መጨረሱን እንደ ቀላል እብደት ትቆጥረዋለች፤ የማይጎዳ ሆኖ ስላገኘችው ትታዋለች። የእሷ ሐሳብ ሌላ ነው። ማህሌት ካገባች ሰባት ዓመቷ ነው፤ ልጅ አልወለደችም። የሺአረግ ያልሄደችበት ጠበል የለም። በየዓመቱ ሚያዝያ ሃያ ሦስት፣ ጊዮርጊስ በሚነግሥበት ቀን፣ በሐይቁ ዳር ካለው የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ በሕዝብ ፊት ትቆምና «የልጄን ልጅ አሳየኝ እንጂ ጃንጥላ ይዤልህ እመጣለሁ» ትላለች። ሴቶቹም አብረዋት እልል ይላሉ። ማህሌት ፊት ፊት አብራ ትሄድ ነበር፤ ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን «ሥራ አለብኝ» እያለች ቀርታለች። ባንክ በጊዮርጊስ ዕለት ይህን ያህል ሥራ የሚበዛበት ለምን እንደሆነ የጠየቃት ሰው የለም።

ባለፈው ዓመት ሊፖቭ ክፉ ዓመት ገጠማት። በሰንጠረዡ መጨረሻ ወጣችና፣ ካንደኛው ሊግ ላለመውረድ ከታች ከመጣ ቡድን ጋር ሰባት ጊዜ መግጠም ግድ ሆነባት። ከስድስቱ ጨዋታ ሦስቱን ሊፖቭ፣ ሦስቱን ባላጋራዋ አሸነፉ። ሰባተኛው የዋለው ከሆሳዕና በፊት ባለው ቅዳሜ ነው። የሺአረግ ቤተ ክርስቲያን ነች። ማህሌትም ቤቷ። ምናሴ ብቻውን ከወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያዳምጣል። ሁለት ለሁለት ናቸው። አራት ደቂቃ ሲቀር ኔትዎርኩ ጠፋ።

ያቺን ዝምታ ምናሴ መቼም አይረሳትም። ስልኩን ወደ መስኮት አወጣው፣ ወደ ላይ አነሳው፣ አጠፋውና አበራው። ምንም የለም። ከዚያ ሳያስበው አፉ ተከፈተና «ጊዮርጊስዬ፣ ሊፖቭን አታውርድብኝ እንጂ ጃንጥላ ይዤልህ እመጣለሁ!» አለ።

ኔትዎርኩ ሲመለስ ጋዜጠኛው እያለቀሰ ነበር። ምናሴ የተሸነፉ መሰለው። ጥቂት ቆይቶ ነው ሦስት ለሁለት ማሸነፋቸውን የለየው። ዘለለ፤ ግድግዳውን መታ፤ ከአጥር ማዶ ጎረቤታቸው ሥርጉት «ምን ሆናችሁ?» ስትል «ቀረን! ላይ ቀረን!» ብሎ መለሰላት። ከዚያ ቁጭ አለ፤ ያለውም ነገር ቀስ እያለ ትዝ አለው።

ስለት ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ጃንጥላ የሚለው ቃል ከየት መጣ? ከየሺአረግ ነው እንጂ ከየት ይመጣል። ሰባት ዓመት ሙሉ ሲሰማው የኖረው የእሷ ቃል ነው፤ ቅዱሱ ያው ቅዱስ፣ ጃንጥላውም ያው ጃንጥላ። ሚስቱ ሰባት ዓመት ደጅ ጠንታ ያልተመለሰላት መልስ፣ ለእሱ የበረዶ ጨዋታ ባራት ደቂቃ ውስጥ መጣ። ይህን ለሷ እንዴት ብሎ ይንገራት? ካልነገራትና ካላገባው ደግሞ ስለት በላተኛ ሊሆን ነው፤ ስለት የበላ ሰው ምን እንደሚያገኘው መሸንቲ ያደገ ሁሉ ያውቃል። ያን ቀን ማታ የሺአረግ ተመልሳ «ሥርጉት ቀረን ቀረን ትላለህ አለችኝ፤ ምንድን ነው?» ስትለው «ምንም» አላት። በትዳራቸው ዘመን ስለ ሊፖቭ «ምንም» ሲል ይህ የመጀመሪያው ነው፤ እሷ ግን አላስተዋለችም።

ሕማማቱና ፋሲካው ካለፉ በኋላ ከመምሬ መርስዔ ኀዘን ዘንድ ሄደ። መምሬ ከሐይቁ ዳር ካለችው ቤታቸው በር ላይ ተቀምጠው ነበር። ታሪኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰሙት። ጺማቸው ሁለት ሦስት ጊዜ ተንቀጠቀጠ፤ ሳቅ እንደሆነ ያስታውቃል።

«ጊዮርጊስ ደራጎን ሲገድል ሰምቻለሁ» አሉ በመጨረሻ፤ «በረዶ ላይ መንሸራተቱን ግን ካንተ ሰማሁ።»

«አይሳቁብኝ መምሬ። ልተወው ወይ?»

«ተስለህ የማትፈጽም ከሆነ ባትሳል ይሻልህ ነበር ይላል መጽሐፉ። አፍህ ካወጣው እጅህ ይክፈል።»

«በድብቅ ባገባውስ?»

«ጃንጥላ ከኪስ የሚገባ ዕቃ ነው? የሺአረግ ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰማው ካንተ ትስማው። መጀመሪያ ለቤትህ ንገር፤ ከዚያ ለጊዮርጊስ ታመጣለህ።»

ምክሩ ጥሩ ነበር። ምናሴ ግን ግማሹን ብቻ ሠራ። ከቀይ ከፈይ የተሰፋውን፣ ጠርዙ በወርቃማ ዘርፍ የተሸለመውን ጃንጥላ ገዝቶ፣ በአንሶላ ጠቅልሎ ከቁምሣጥኑ በላይ አስቀመጠው። መንገሩን ግን ዛሬ ነገ እያለ አዘገየው። ጠዋት ሲያስበው «ስትጠግብ ማታ እነግራታለሁ» ይላል፤ ማታ ሲሆን «ደክሟታል» ይላል። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ የተበላሸ ማሽን ሲያይ እጁ የማይርድ ሰውዬ፣ ሚስቱን ላንዲት ቃል ፈራት።

በዓሉ አራት ቀን ሲቀረው፣ ከአካሉ ቤት ፀጉሩን ተስተካክሎ ሲመለስ፣ ከገዛ ግቢው እልልታ ሰማ። ገባ። ሳሎኑ መካከል ጃንጥላው ተዘርግቷል። የሺአረግ ዘርፉን በሁለት እጇ ይዛ ትስመዋለች፣ ታለቅሳለች፣ እልል ትላለች፤ ሥርጉትም አጠገቧ ቆማ ታግዛታለች።

«ደበቅኸኝ አይደል! አባትና ልጅ መክራችሁ ደበቃችሁኝ!» አለችው የሺአረግ፤ እንዲህ ያለ ፊት ከሠርጋቸው ዕለት ወዲህ አይቶባት አያውቅም። «አንሶላ ላጥብ ብዬ ስስበው ወደቀልኝ። በጊዮርጊስ ዕለት ልታስደንቁኝ ነበር? ስንት ወሯ ነው? ደወልሁላት እኮ፤ እልል አልሁላት፤ እመጣለሁ ብላ ዘጋችው፤ አፈረች መሰለኝ ልጄ።»

ምናሴ ነገሩ ገባው፤ ልጃቸው ያረገዘች መስሏታል። የዚህ ሰፈር ሴት ከቁምሣጥን ላይ የስለት ጃንጥላ ስታገኝ ሌላ ምን ልታስብ ትችላለች? ጥፋቱ የእሱ ነው፤ አወቀው። ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ይዞ፣ ቆሞ፣ አንድም ነገር ሳያስቀር ነገራት። ሊፖቭን፣ አራቱን ደቂቃ፣ የጠፋውን ኔትዎርክ፣ መምሬ ያሉትን፣ ሁሉንም።

ሥርጉት «ወጥ ጥጄ መጥቼ» ብላ ወጣች። የሺአረግ ዘርፉን ከእጇ ለቀቀችው።

«ለበረዶ» አለች ቀስ ብላ።

«አዎ።»

«ሰባት ዓመት። ሰባት ዓመት እኔ እግሩ ሥር ስወድቅ፣ አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን እንኳ ለልጅህ ተስለህ ታውቃለህ?»

ምናሴ መልስ ፈለገ። ይህ የሴቶች ነገር ነው ይመስለው ነበር፤ አንድ ሰው ከተሳለ ለቤቱ ይበቃል ይመስለው ነበር፤ ደግሞም ምንም አይመስለውም ነበር፤ አላሰበበትም። እውነቱ ይህ ነው። አፍሮ መሬት መሬት አየ።

«አላውቅም» አለ።

የባጃጅ ድምፅ ተሰማና ማህሌት ገባች። የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ነው፤ ዓይኗ ቀልቷል። የሺአረግ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ማህሌት ጃንጥላውን አየችው፤ አባቷን አየችው። እሱም ሁለተኛ፣ ከፊተኛው ባጠረ ቃል፣ ለምን እንደገዛው ነገራት። ልጁ እንደምታለቅስ ጠብቆ ነበር።

«ስንት ለስንት?» አለች።

«ሦስት ለሁለት።»

ማህሌት ሳቀች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ከዚያ ወንበሩን ይዛ፣ ከዚያ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። የሺአረግ ነጠላዋን ከፊቷ ገፈፈች። «ትስቂያለሽ? አባትሽ ለፈረንጅ ሲሳል ላንቺ ግን አንድ ቀን...»

«እማዬ፣ አትቆጪው» አለች ማህሌት፤ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች። «ሰባት ዓመት ሙሉ በዚህ በር ስገባ መጀመሪያ የምታይው ሆዴን ነው። አንቺ ብቻ አይደለሽም። እትዬ ሥርጉትም፣ የአገኘሁ እናትም፣ አብረውኝ የሚሠሩትም እንደዚያው ናቸው። ሁሉም ተስለውልኛል፤ እግዜር ይስጣቸው። እሑድ ማታ አባዬ ጎን ስቀመጥ ግን ማዳመጫውን ይሰጠኝና 'በረኛው ዛሬም ጉልበቱን አሞታል' ይለኛል። ሌላ ነገር አይጠይቀኝም። ከሳምንቱ ውስጥ እንደ ጎደሎ የማልታይባት ሰዓት እሷ ብቻ ናት። እሷን ሰዓት እየጠበቅሁ ነው የምከርመው።»

ምናሴ ይህን ምስጋና ሳይገባው መቀበል ከበደው። «እኔ እኮ ይህን አስቤ አይደለም ልጄ» አለ። «ጨዋታው ስለሚጀምር ነው።»

«አውቃለሁ አባዬ። ለዚያ ነው ደስ የሚለኝ።»

የሺአረግ ጃንጥላውን አጠፈችው፤ በአንሶላው ጠቀለለችው፤ ወደ ጓዳ ገባች። እራት ሦስቱም አብረው በሉ። ማህሌት ስትወጣ እናቷ እስከ መንገዱ ሸኘቻት፤ እዚያ ምን እንደተባባሉ ምናሴ አልሰማም፤ ባጃጁ ከሄደም በኋላ የሺአረግ ለመመለስ ብዙ ቆየች።

አራቱ ቀን እንዲህ አለፈ። ቁርሱ ይቀርባል፣ ልብሱ ይታጠባል፤ ቃል ግን በቁጥር ነው። በዋዜማው ምናሴ «ነገ ልያዘው ወይስ ልተወው?» ብሎ ጠየቃት። «የጊዮርጊስን ዕቃ ምን አድርገህ ልታስቀምጠው ነው?» አለችው፤ እሱም ከዚህ በላይ ለመጠየቅ አልደፈረም።

በበዓሉ ጠዋት ግቢው ነጭ በነጭ ሆኗል። ታቦቱ ዑደቱን ፈጽሞ ከቆመ በኋላ ዲያቆኑ ድምፅ ማጉያውን ይዞ ስለት ያላቸውን ይጠራ ጀመር። አንዷ ከበሽታ ተነሥታ ምንጣፍ አምጥታለች፤ አንዱ ጠፍቶ የነበረ ወንድሙ ተገኝቶለት ጧፍ ይዟል። ለያንዳንዱ እልልታው ይቀልጣል። የምናሴ ተራ ደረሰ።

«ምን ተስለው ነው አባቴ?» አለ ዲያቆኑ።

«የምደግፈው ቡድን ሊወርድ ሲል ተስዬ ነበር። አልወረደም።»

«የምን ቡድን?»

«የበረዶ ሆኪ» አለ ምናሴ፤ ድምፅ ማጉያው ቃሉን እስከ ሐይቁ አደረሰው።

ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ ሁለት ሦስቱ ተከተሉ። መምሬ መርስዔ ኀዘን አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ዲያቆኑ ጃንጥላውን ያገላብጠዋል። ምናሴ ልክ የሚገባውን ቅጣት እየተቀጣ እንደሆነ ተሰማው፤ አልሸሸም።

ያን ጊዜ ከሴቶቹ በኩል አንዲት ብቻዋን እልልል አለች። ምናሴ ድምፁን ለየው። የሺአረግ ናት። እስትንፋሷን ሳትወስድ አስረዘመችው፤ ሴቶቹም ግራ እየተጋቡ ተቀበሏት፤ ግቢው በሙሉ ለሊፖቭ እልል አለ።

እልልታው ሲበርድ ሴቶቹ እንደየዓመቱ ለየሺአረግ መንገድ ለቀቁላት፤ ስለቷን የምታድስበት ሰዓት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ወደፊት መጣች። ብቻዋን ግን አልነበረችም፤ ማህሌትን በእጇ ይዛታለች። ልጅቱ አንገቷን ሰብራ፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ ነው የመጣችው። ዲያቆኑ ድምፅ ማጉያውን ለየሺአረግ አቀረበላት፤ ስለቱን በቃሉ ስለሚያውቀው አብሯት ሊል አፉን አዘጋጅቷል።

«ዘንድሮ የምለምነው የለኝም» አለች የሺአረግ። «ልጄ ደህና ናት፤ ምንም አልጎደለባትም። አብራኝ መጥታለች። ለዚያ ላመሰግን ነው የመጣሁት።»

ማህሌት ከሦስት ዓመት በኋላ በዚያ ሕዝብ መካከል ቀና አለች።